ካርቡሬተር ሞተር ወጥቶ ኢንጀክሽን ሲገባ ታይሚንግ እንዴት ይስተካከላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዬ ብዙ ጊዜ የማየው ነው፦ 2ኢ ካርቡሬተር ሞተሩ ወጥቶ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ኢንጀክሽን ሞተር ወይም ዘመዱ የገባበት የቆየ ቶዮታ ኮሮላ።

«10 ዲግሪ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስቶኑ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ አይደለም። ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ቤንዚንና አየሩ በአንድ ጊዜ አይነድም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እስኪዛመት ጊዜ ይፈልጋል። ግፊቱ የሚበረታው ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ ቁልቁል ሲጀምር መሆን አለበት። ስለዚህ ቀድሞ መለኮስ ያስፈልጋል።

ያ መቅደም ታይሚንግ ይባላል፤ የሚለካው ክራንክ ሻፍቱ በሚዞረው ዲግሪ ነው። 10 ዲግሪ ማለት ክራንክ ሻፍቱ ፒስቶኑን ጫፍ ለማድረስ 10 ዲግሪ ሲቀረው እሳቱ ተሰጠ ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር ይህ 2 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ዙሩ ሲጨምር ግን ያው ጊዜ ብዙ ዲግሪ ይበላል። ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱም ይበልጥ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ኢንጀክሽን ሞተር ኮምፒውተር አለው። ታይሚንጉን ራሱ አያስተካክልም?

ያስተካክላል። ግን መነሻውን እኛ ካልሰጠነው አያውቀውም።

በካርቡሬተሩ ዘመን ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ራሱ ነበር የሚያስበው። ውስጡ ዙር ሲጨምር የሚከፈቱ ክብደቶች አሉ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ በቫኪዩም የሚሳብ ክብ ቆርቆሮ። በኢንጀክሽኑ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እነዚህ የሉም። እሱ እሳት ከማከፋፈል ሌላ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ «ፒስቶኑ አሁን እዚህ ደርሷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ መናገር። ኮምፒውተሩ ያንን ይዞ ዙሩን፣ የሚገባውን አየርና የውሃውን ሙቀት እያየ ስንት ዲግሪ ማስቀደም እንዳለበት ይወስናል።

ዲስትሪቢዩተሩን ታይሚንጉ 5 ዲግሪ እስኪስት ብታዞሩት ኮምፒውተሩ አያውቅም። ስሌቱን በትክክል ይሠራል፣ ግን ሁሉም ቦታ ላይ 5 ዲግሪ ይስታል። እዚህ ላይ ታይሚንግ ማስተካከል ጉልበት መጨመሪያ አይደለም። ለኮምፒውተሩ እውነቱን መንገር ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የድሮውን ዲስትሪቢዩተር ልጠቀም እችላለሁ?

አይሆንም። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ኤንኢ እና ጂ የሚባሉትን ሁለት ምልክቶች ነው። የመጀመሪያው ዙሩን፣ ሁለተኛው የትኛው ሲሊንደር ላይ እንዳለን ይናገራል። የካርቡሬተሩ ዲስትሪቢዩተር ሁለቱንም አይሰጥም። ሞተር ስትገዙ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ኮምፒውተሩና ሽቦው ከአንድ መኪና የመጡ መሆናቸውን አረጋግጡ። ለየብቻ እየለቃቀሙ መግጠም በኋላ ራስ ምታት ነው።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ታይሚንግ ላይት (አንደኛው ካንዴላ እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት)፣ 12 ቁጥር ቁልፍ፣ አጭር ሽቦ፣ ነጭ ቀለም። ቀለሙ የጥፍርም ቢሆን ችግር የለውም። ሽቦው የዲያግኖስቲክ ሳጥኑን ቀዳዳዎች ለማገናኘት ነው፤ አንዳንዱ የወረቀት ማያያዣ አጥፎ ይጠቀማል፣ ይሠራል። ታይሚንግ ላይት ከሌላችሁ ተዋሱ። ያለሱ መጀመር በጨለማ መርፌ ክር ማስገባት ነው።

ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው የሚሄደው?

ሞተሩን በደንብ አሙቁት። የራዲያተሩ ፋን አንዴ ተነስቶ እስኪቆም ጠብቁ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ኤሲና መብራት ይጥፋ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፑሌጃው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ቤልት የሚያዞረው ክብ ብረት) ላይ ያለችውን ጭረት ፈልጉና ቀለም ቀቧት። ከጎኑ ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ላይ 0፣ 5፣ 10 የሚሉ ምልክቶች ታገኛላችሁ። 10ኛውንም ቀቡት። ይህን ሳያደርጉ የጀመሩ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ፑሌጃ ላይ ሲያፈጡ አይቻለሁ።

ሞተር ክፍሉ ውስጥ «ዲያግኖስቲክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ክዳኑን ስትከፍቱ የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በሽቦዋ አገናኙ። አደራ፣ ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኩ። ፕላስ ቢ የሚለው የባትሪ ፖዘቲቭ ነው፤ እሱን ከኢ1 ጋር ካገናኛችሁት ሽቦ ታቃጥላላችሁ።

አሁን ሞተሩን አስነሱ። የላይቱን ሁለት መቆንጠጫዎች ባትሪው ላይ፣ ሦስተኛውን በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ አድርጉ። አንደኛ ሲሊንደር በታይሚንግ ቤልቱ በኩል ያለው ነው። መቆንጠጫው ላይ ቀስት ካለ ወደ ካንዴላው ይመልከት። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከ700 እስከ 800 ዙር አካባቢ መሆን አለበት። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ሳለ የተስተካከለ ታይሚንግ አይታመንም።

ዲስትሪቢዩተሩን የያዙትን ቡሎኖች በእጅ ለማዞር ያህል ብቻ ላሉ። ላይቱን ፑሌጃው ላይ እያበራችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ሮተር ከሚዞርበት በተቃራኒ ካዞራችሁት ታይሚንጉ ይቀድማል፣ ወደሚዞርበት ካዞራችሁት ይዘገያል። ጭረቷ 10 ላይ ስትቆም ቡሎኖቹን አጥብቁና እንደገና እዩ። ሲጠብቅ ትንሽ መንሸራተት ልማዱ ነው። በመጨረሻ ሽቦዋን ንቀሉ። ጭረቷ ከ10 አልፋ ወዲያ ወዲህ ማለት ከጀመረች ኮምፒውተሩ ሥራውን ተረክቧል። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ልብሳችሁ ከቤልቶቹ ይራቅ። ፋኑም ሳይነግራችሁ ሊነሳ ይችላል።

ለሁሉም ሞተር 10 ዲግሪ ነው?

አይደለም። 4ኤ-ኤፍኢ፣ 5ኤ-ኤፍኢ፣ 4ኢ-ኤፍኢ እና 3ኤስ-ኤፍኢ 10 ናቸው። በቆዩ ፒክአፖች ላይ ያለው 22አር-ኢ ግን 5 ዲግሪ ነው፤ የሚገናኙትም ቲ እና ኢ1 የሚባሉት ናቸው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ቦኔቱ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ሞተር ከተቀየረ በኋላ ግን ያ ወረቀት የድሮውን ሞተር ነው የሚናገረው። ሳያስቡ እሱን አንብበው የሚያስተካክሉ አሉ።

መካኒኬ በጆሮው ያስተካክላል። ምን ችግር አለው?

በካርቡሬተር ላይ በጆሮ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ከላይት የማይተናነስ ጆሮ ያላቸውም ገጥመውኛል። ኢንጀክሽን ላይ ግን ጆሮ ይሸወዳል። ዲስትሪቢዩተሩን ስታዞሩ ሚኒሞው ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሚኒሞውን ለመመለስ አየሩንም ታይሚንጉንም ይነካካል። የምትሰሙት የእናንተንና የኮምፒውተሩን ትግል ነው።

በጆሮ የተስተካከለ ሞተር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሚገባው ቀድሞ ነው የሚገኘው። ሲቀድም ሚኒሞው ያምራል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ቶሎ ይነሳል። ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ተጭኖ ሲሞቅ ነው።

ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከቀደመ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንዳለ ዓይነት ቅጭቅጭታ ይሰማል። ሞቆ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ሞተሪኖውን መልሶ ይገፋዋል፤ ግማሽ ዞሮ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና። ብዙ ሰው ባትሪ ደከመ ብሎ አዲስ ይገዛል።

ከዘገየ መኪናው ይሰንፋል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ይሞቃል። እሳቱ ዘግይቶ ስለሚነድ ሙቀቱ ከጉልበት ይልቅ ወደ ማርሚታው ይሄዳል።

ቲኢ1 እና ኢ1ን አገናኘሁ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ለምን?

ይህ ከሞተር ቅየራ በኋላ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሽቦዋ በትክክል ስትገናኝ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ይለወጣል፤ በላይቱም ስታዩ ጭረቷ አንድ ቦታ ትቆማለች። ምንም ካልሆነ ኮምፒውተሩ መልእክቱ አልደረሰውም፣ ወይም ደርሶት አልተቀበለም። በዚህ ሁኔታ በላይቱ የምታነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም። አታስተካክሉ።

መጀመሪያ የነዳጅ መስጫውን ገመድ እዩ። ኮምፒውተሩ በመነሻው ላይ የሚቆመው እግራችሁ ከነዳጁ ላይ መነሳቱን ካወቀ ብቻ ነው። ያንን የሚነግረው የአየር መክፈቻው ላይ ያለው ሴንሰር ነው፤ ውስጡ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የሚነካ ኮንታክት አለ። ሞተር ሲቀየር የድሮው መኪና ገመድ በግድ ይገጠማል፣ ይወጠራል። አየሩ ፀጉር ታህል ክፍት ይቀራል። ኮንታክቱ አይነካም። ኮምፒውተሩም «ሾፌሩ ነዳጅ እየሰጠ ነው» ብሎ ታይሚንጉን ማንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ገመዱን ላላ አድርጉት፤ ካልሆነ ሴንሰሩን በሁለት ብሎኖቹ ትንሽ አዙሩት።

ሌላው ማረጋገጫ የቼክ ኢንጅን መብራት ነው። ሽቦዋ ተገናኝታ ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ካለ ጥፋት አልተመዘገበም። በቁጥር ካለ ቁጠሩ፦ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የአየር ግፊት ሴንሰር፣ 41 የአየር መክፈቻው ሴንሰር ነው። 51 ካለ ያ ኮንታክት አልነካም ወይም ኤሲ በርቷል። ዳሽቦርዱ የካርቡሬተር መኪና ስለሆነ መብራቱ ከሌለስ? ከኮምፒውተሩ ደብልዩ ከሚለው መስመር ትንሽ አምፖል ስባችሁ ግጠሙ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

ዲያግኖስቲክ ሳጥኑ ከሞተሩ ጋር አልመጣም። ምን ይሻላል?

ያገለገለ ሞተር ከመኪናው ሲወጣ ሽቦው በመጋዝ ተቆርጦ መምጣቱ የተለመደ ነው። ሳጥኑ ከሌለ ቲኢ1ን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ መሰኪያ ላይ ፈልጉት። የሳጥኑ ሥራ ያን መስመር ከኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ለዚያ ኮምፒውተር የሚሆነውን የመሰኪያ እግሮች ሥዕል ግን በኮምፒውተሩ ቁጥር ፈልጉ። በግምት ሽቦ መብጣትና ኔጋቲቭ ማስነካት ኮምፒውተር ይገድላል።

የሚሻለው ግን ሳጥኑን ራሱን ማግኘት ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሽቦ ከሚሸጡት ዘንድ ጠይቁ። ከነጅራቱ የተቆረጠ ሳጥን ገዝቶ መቀጠል ለቀጣዩ መካኒክም ውለታ ነው።

ፑሌጃው ላይ ያለውን ምልክት ማመን ይቻላል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ግን ፑሌጃው ሁለት ብረት ነው፤ መሃሉ ላይ ጎማ አለ። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ብረት ይንሸራተታል፣ ጭረቷም አብራው ትሄዳለች። ከዚያ ላይቱ 10 ይላል፣ እውነቱ 20 ነው። ከሌላ ሞተር የመጣ ፑሌጃ የገጠሙም አሉ።

ለማረጋገጥ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈቱና ረዘም ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም እንጨት አስገቡ። ካቻቪቴ አታስገቡ፤ ተጣሞ ሊይዝ፣ ፒስቶኑንም ሊጭር ይችላል። ሞተሩን በእጅ በቁልፍ አዙሩ። እንጨቱ ከፍ ብሎ ሊመለስ ሲል ጭረቷ 0 ላይ መሆን አለባት። ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ ወደ ላይ ሲመጣና ሲመለስ እንጨቱ እኩል ከፍታ ላይ የሆነባቸውን ሁለት ቦታዎች ምልክት አድርጉ። መሃላቸው ትክክለኛው ጫፍ ነው።

ዲስትሪቢዩተሩን እስከ ጥግ አዞርኩት፤ 10 አልደርስ አለ።

እንግዲህ ችግሩ ዲስትሪቢዩተሩ አይደለም። ቡሎኑ የሚገባበት ረጅም ቀዳዳ ለማስተካከያ የሚበቃ ቦታ አለው። ጥግ ከደረሰ ሌላ ነገር ስቷል። መጀመሪያ የምጠረጥረው ታይሚንግ ቤልቱ አንድ ጥርስ አልፎ መገጠሙን ነው። አንድ ጥርስ በክራንክ ሲለካ ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ ሲሆን ቫልቮቹም ጊዜያቸውን ስተው ይከፈታሉ፤ እሳቱን ወደ ቦታው ብትመልሱት እንኳ ሞተሩ አይጎትትም።

አንዳንዱ ቀዳዳውን በሞረድ አስረዝሞ 10 ላይ ያደርሰዋል። ይህን አንድ ጊዜ በራሴ መኪና ላይ ተሠርቶ አግኝቻለሁ። ቤልቱ ተከፍቶ በትክክል ሲገጠም መኪናው ሌላ መኪና ሆነ፤ የተሞረደው ዲስትሪቢዩተር ግን እስከ ዛሬ አለ። ሽፋኑን ከፍታችሁ የክራንኩንና የካሙን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ምልክት እዩ። ዲስትሪቢዩተሩ በጥርስ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ፣ እንደ 22አር-ኢ፣ እሱም በአንድ ጥርስ ስቶ ሊገባ ይችላል።

ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም፤ በአየር ማስገቢያው በኩል ያፈነዳል።

አንደኛው ፒስቶን በአራት ምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፦ አንዴ ሲያምቅ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። በሁለተኛው ላይ ሆኖ የተገጠመ ዲስትሪቢዩተር እሳቱን በተሳሳተው ዙር ይሰጣል። ጣታችሁን ካንዴላው ቀዳዳ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን በእጅ ስታስዞሩ አየሩ ጣታችሁን የሚገፋው በትክክለኛው ላይ ነው። ያኔ ሮተሩ የአንደኛው ገመድ ወደሚወጣበት ማመልከት አለበት። የገመዶቹም ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ከመደናገጥ በፊት እሱን እዩ፤ ብዙው «አይነሳም» ሁለት ገመድ መለዋወጥ ሆኖ ይገኛል።

አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ትንሽ ማስቀደም አይሻልም?

ይህ ክርክር ጋራዥ ውስጥ አያልቅም፤ ሙሉ በሙሉ ከንቱም አይደለም። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሚገባው አየር ሲያንስ ሞተሩ አይቀጭም፣ እሳቱም ትንሽ መቅደም ይወዳል። በካርቡሬተር መኪና 2 ወይም 3 ዲግሪ ማስቀደም ምክንያት ነበረው።

ኢንጀክሽኑ ግን የአየር ግፊት ሴንሰር ካለው ይህን ራሱ ያያል። አየሩ ሲሳሳ ማስቀደሙን ከራሱ ሰንጠረዥ ያመጣል። እናንተ ደግማችሁ ካስቀደማችሁ ሁለት ጊዜ ተቀደመ። እኔም ከዚህ በፊት 15 ላይ አድርጌ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ማር ነበር። አዋሽ ወርጄ ስመለስ ግን፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከአራት ሰው ጋር ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ መቅጨት ጀመረ። ጫንኩት፣ ባሰ። መንገድ ዳር ቆሜ ወደ 10 ግድም በግምት መልሼ ነው የገባሁት። ሞተሩ የኖክ ሴንሰር ከሌለው ቅጭቅጭታውን የሚሰማ ሌላ ማንም የለም፤ እናንተ ብቻ ናችሁ።

የገጠምኩት ሞተር ዲስትሪቢዩተር የለውም። የት ላስተካክል?

የትም። 1ዜድዜድ-ኤፍኢና 1ኤንዜድ-ኤፍኢን የመሳሰሉት በካንዴላ በካንዴላ የየራሳቸው ኮይል አላቸው። መነሻውን ክራንኩ ላይ ያለው ጥርሳም ሰሌዳና ሴንሰሩ ይሰጣሉ። የሚዞር ነገር የለም። ማየት ብቻ ነው የሚቻለው፦ በዳሽቦርዱ ሥር ባለው መሰኪያ ላይ 13ኛውንና 4ኛውን እግር አገናኝታችሁ በሚኒሞ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ካነበባችሁ ደህና ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ የታይሚንግ ሰንሰለቱን፣ የክራንክ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ፈትሹ።

ታይሚንጉ ልክ ነው፣ መኪናው ግን አሁንም ቤንዚን ይበላል።

የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ፈትሹ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ካመነ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ያፈሳል። ከራዲያተር ጌጁ ሴንሰር ጋር የሚያደናግሩት ብዙ ናቸው፤ የጌጁ አንድ እግር፣ የኮምፒውተሩ ሁለት እግር ያለው ነው። የቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው ቫልቭ) ነገርም አለ። አዲስ አበባ አይሞቅም ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው። በካርቡሬተር ብዙም አይታወቅም ነበር። በኢንጀክሽን ግን ሞተሩ መሙቅ የሚገባውን ያህል አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። ከዚያ የቫኪዩም ቱቦዎችን እዩ፤ ከድሮው ሞተር ተርፎ ሳይደፈን የቀረ አንድ ቀዳዳ አይጠፋም።